ክሮሙን ብቻ አትውቀሱ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በክሮም (በክሮሚየም ጨው) የለፋ ቆዳ ሁሉ መርዝ ነው የሚለው አባባል ልክ አይደለም። «ክሮም የለበትም» የሚል ወረቀት ያንጠለጠለ ዕቃ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለትም አይቻልም።

የክሮም ቆዳ የሚለፋው ክሮሚየም 3 በሚባለው ዓይነት ነው። የሚፈራው እሱ ወደ ክሮሚየም 6 ሲለወጥ ነው፤ ይህኛው ሰውነትን በአለርጂ ያሳክካል፣ ያቆስላል። አለርጂው አንዴ ከያዘ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ለውጡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከልፋቱ በኋላ ባለው ሥራ ነው፦ ለማለስለሻ በአየር ቶሎ የሚበላሽ የዓሣ ዘይት ሲገባ፣ አሲዱን ለማብረድ ሶዳ በዝቶ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ6.5 ሲያልፍ፣ ቀለሙ እንዲሰርጽ አሞኒያ ሲጨመር። የቀረውን ደረቅና ሞቃት መጋዘን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከፋብሪካ ሲወጣ የክሮሚየም 6 ፈተናን ያለፈ ቆዳ ከወራት በኋላ መደርደሪያ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በዳግም ልፋት ጊዜ ከቆዳው ክብደት ከ1 እስከ 3 በመቶ የሚሆን የሚሞዛ ወይም የታራ ታኒን (ከእነዚህ ዕፅዋት የሚገኝ ማልፊያ) ማስገባት፣ የዓሣ ዘይቱን መተው፣ በመጨረሻም በፎርሚክ አሲድ ፒኤቹን ወደ 3.5 አውርዶ በደንብ ማጠብ ነው። አንዳንዶች ያለቀለት ቆዳ ላይ ቫይታሚን ሲ ይረጫሉ፤ ኃይሉ ከጊዜ ጋር ስለሚደክም ይህን ፈተና ማለፊያ እንጂ መፍትሔ አንለውም።

ሙሉ በሙሉ በዕፅዋት ታኒን የለፋ ቆዳ ለቀበቶ፣ ለጫማ ሶልና ለጠንካራ ቦርሳ ጥሩ ምርጫ ነው። ግን ይከብዳል፣ ፀሐይ ያጠቁረዋል፣ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ይኮማተራል፤ የክሮሙ ቆዳ የፈላ ውሃ ይችላል። ግሉታራልዴሃይድ በተባለው ማልፊያ ኬሚካል የለፋውም ክሮም የለበትም፤ ሆኖም ኬሚካሉ ራሱ የሠራተኛውን ቆዳና ሳንባ ያስቆጣል፣ አብረውት ከሚገቡ ሬዚኖችም (ሙጫ መሰል ኬሚካሎች) ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጎጂ ኬሚካል ሊቀር ይችላል። ፒቪሲውን (ቆዳ መሰሉን ፕላስቲክ) አማራጭ ለሚሉን፦ ማለስለሻው ፍታሌት የተባለው ጎጂ ኬሚካል እንዳይሆን አስቀድመው ይጠይቁ።

በአውሮፓ ኅብረት ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰውነት የሚነካ የቆዳ ዕቃ በኪሎ ግራም 3 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ክሮሚየም 6 ይዞ አይሸጥም። «አዞ» (azo) ከሚባሉት ሰው ሠራሽ ቀለሞች የሚወጡት፣ አሚን የተባሉ ጎጂ ኬሚካሎች ጣሪያ በኪሎ ግራም 30 ሚሊ ግራም፣ የሻጋታ መከላከያው የዳይሜቲል ፉማሬት ደግሞ 0.1 ሚሊ ግራም ነው።

ክሮሚየም 6 ሽታ የለውም፤ ቆዳ አሽትቶ መፍረድ አይቻልም። ነጋዴዎች የላቦራቶሪ ውጤት ሲቀበሉ በመጋዘን የሚመጣው ለውጥ አስቀድሞ እንዲታይ ናሙናው ከምርመራው በፊት በ80 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ተቀምጦ እንደነበር ይጠይቁ፤ ውጤቱም የገዙት ቀለምና የገዙት የምርት ዙር መሆኑን ያረጋግጡ።

በቆዳ ልፋት ሙያ ላይ የተሰማራን