ለሽማግሌዎቻችንና ለንስሐ አባታችን፦ ከእርቁ በኋላ የተጻፈ ምስጋና

በቤቱ ኪራይ ሒሳብ አራታችን ተቀያይመን ነበር፤ ዝርዝሩን ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋልና አንደግመውም። የአንድ እናት ልጆች ዛሬ በአንድ ማዕድ ተቀምጠናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያስታረቁን ሽማግሌ ጋሼ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ። ሌላው ሰው «ተሳሳሙና ይለፍ» ሲል እርስዎ እምቢ አሉ። መጀመሪያ እያንዳንዳችንን ለየብቻ ሰሙን፤ ከአንዱ የሰሙትን ለሌላው አላደረሱም። ቀጥሎ የቤቱን ኪራይ ሒሳብ አስቀደሙ። ማን ስንት ተቀበለ፣ ለሕክምና ምን ወጣ፣ ለተዝካር ምን ዋለ፣ ሁሉም ወረቀት ላይ ሰፍሮ አራታችንም ፈረምንበት። ሒሳብ ሳይጠራ የተባለ ይቅርታ የሚቀጥለው ኪራይ ሲገባ ይፈርሳል ያሉን እውነት ነው። ቀራጩ ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ ተቀብሎ ዝም አላለም፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ።

የእርቁ ዕለት አማቾችንና ጎረቤቶችን በትሕትና ሲያስወጡ ቅር ያለው ነበር። ዮሴፍም ራሱን ለወንድሞቹ ሲገልጥ ሰውን ሁሉ አስወጥቶ ነው (ዘፍ. 45፥1)። ተመልካች ባለበት ወንድም ለክብሩ ይሟገታል፣ አያለቅስም። «አስቀይሜህ ከሆነ» የሚል ይቅርታ አልተቀበሉም፤ ያደረገውን በስሙ ጠርቶ «በድዬሃለሁ» እንዲል አደረጉ። «አንተስ ብትሆን» የሚል ሲነሣ እጅዎን አንሥተው አስቆሙት። አንዱ በደል ሳያልቅ ሌላው አልተነካም።

ጋሼ፣ ጉልበትዎ እያመመዎት ያንን ደረጃ ስንት ጊዜ ወጡት! ይህን ስንጽፍ እንባ ይቀድመናል።

ተበዳይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እንዲል አላጣደፉትም፤ ሳምንት ሰጡት። ይቅር ማለትና ማመን ለየቅል መሆናቸውንም አሳዩን። ዮሴፍ ስምዖንን ያሰረው፣ ጽዋውንም በብንያም ስልቻ ያስከተተው ሊበቀል ፈልጎ ሳይሆን ወንድሞቹ መለወጣቸውን ሊያይ ነው፤ ይሁዳ «በብላቴናው ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን» ሲል ልቡ ተሸነፈ። ለዚህም የቤቱ ቁልፍ ለ6 ወር በእርስዎ እጅ እንዲቆይ ተስማማን። አባታቸው ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ሲሞት ወንድሞቹ ዮሴፍን እንደገና ፈሩት፤ እርስዎም ይህን አስበው ነው በየወሩ እየመጡ የሚጠይቁን።

የንስሐ አባታችን፣ በመስቀልዎ ባርከው «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለውን አብረን እስክንለው ድረስ ጸሎቱን ሦስት ጊዜ አስደገሙን። ያቺን ቃል ለብቻዋ ዘልሎ የሚያልፍ አንደበት እንደነበረን አስተውለዋል።

የእድራችን አባላት፣ ጎረቤቶቻችን፣ ከባሕር ማዶ የጾማችሁልን ዘመዶች፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ያልጠቀስናችሁ ብዙ ናችሁ፤ ተረስታችሁ አይደለም፣ ስለ እርሱ ይቅር በሉን።

ጋሼ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡናው ይፈላል። ደረጃውን አይውጡ፣ እኛ ታች ወርደን እንጠብቅዎታለን።