የተነቀለ ስፒና ለነዘራት ልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ሰላምታዬ ከአንቺ ጀምሮ ለባለቤትሽና ለልጅ ልጄ ይድረስ። እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የድሬዳዋ ሙቀት ግን ዘንድሮም አልማረንም። ይህን ደብዳቤ በችኮላ ለመጻፍ የተነሣሁት ወንድምሽ ትናንት ማታ ደውሎ እየሣቀ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው። ለልጅሽ ልደት ብለሽ እዚያው ሽቱትጋርት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሜርክሊን የሚባል የጀርመን የመጫወቻ ባቡር ከነሐዲዱና ከሁለት ሰማያዊ ትራንስፎርመሮች ጋር እንደገዛሽ፣ ባቡሩ ፉርጎ ሲበዛበት ስለደከመ ሁለቱንም ትራንስፎርመሮች በአንድ ሐዲድ ላይ እንዳገናኘሽ፣ ከዚያም አንዱን ከግድግዳው ነቅለሽ በእጅሽ ብትይዢው እንደነዘረሽ አጫወተኝ። እሱ «አባዬ፣ የተነቀለ ስፒና እኮ ነው የነዘራት!» እያለ ይሥቃል። እኔ አልሣቅሁም።

ስለዚህ ትእዛዙን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱ ይከተላል። ሁለት ትራንስፎርመር በአንድ ሐዲድ ላይ አታገናኚ። ደብዳቤውን እስክትጨርሺ አትጠብቂ፤ አሁኑኑ ተነሥተሽ ሁለቱንም ስፒናዎች ፕላስቲካቸውን ብቻ ይዘሽ፣ ጥርሶቹን ሳትነኪ ንቀዪ። ሁለቱም ከግድግዳው ከወጡ በኋላ ብቻ የአንደኛውን ሽቦዎች ከሐዲዱ ፍቺ። ልጁ በዚያ ጊዜ ከክፍሉ ይውጣ።

አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ። ትራንስፎርመር በአንድ የብረት እምብርት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ነው፤ ብዙ ዙር ያለው ጥቅል ከግድግዳው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ይቀበላል፣ ጥቂት ዙር ያለው ደግሞ ለሐዲዱ 16 ቮልት ያወጣል። ይህ ዕቃ የትኛው በኩል መግቢያ፣ የትኛው በኩል መውጫ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። 220 ቮልት ስትሰጪው 16 እንደሚያወጣ ሁሉ፣ በሐዲዱ በኩል 16 ቢገባበት በግድግዳው በኩል ወደ 220 የሚጠጋ ያወጣል። አንዱን ስትነቅዪ ሌላው ሐዲዱን ይመግብ ነበር፤ ሐዲዱም የተነቀለውን በጓሮ በር መገበው፤ በእጅሽ የያዝሽው ስፒና ጥርሶቹ የግድግዳውን ያህል ጉልበት ነበራቸው። የባቡሩን አቅጣጫ ለመቀየር ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ሲገፋማ ሐዲዱ ላይ ለቅጽበት 24 ቮልት ስለሚሄድ፣ በስፒናው ላይ ከ300 ቮልት በላይ ሊወጣ ይችላል።

«በቤታችን ኤሌክትሪክ ሰው ሲነካ የሚዘጋ መከላከያ አለ» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ከረንት በሰው በኩል ወደ መሬት ሲያመልጥ በ30 ሚሊአምፔር የሚዘጋው መሣሪያ ብዙ ሰው አትርፏል። ነገር ግን ይህ ከረንት ከቤቱ መስመር በትራንስፎርመር የተለየ ስለሆነና ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው በጣትሽ በኩል ብቻ ስለሚዞር፣ መሣሪያው ምንም አያይም። ወንድምሽ በላከልኝ ፎቶ ላይ ትራንስፎርመሩ 30 ቮልት-አምፔር ይላል፤ ይህ ሊሰጥ የሚችለው የጉልበት መጠን ነው፤ ይህን በ220 ብታካፍዪው ከ130 ሚሊአምፔር በላይ ይሆናል። ልብን ለማወክ ከዚህ እጅግ ያነሰ ይበቃል። የልጁ እጅ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ስፒና ሲይዝ ሁለቱንም ጥርሶች በአንድ መዳፍ ይጨብጣል።

የወንድምሽ የክርስትና አባት ብርቱካን በግራ እጁ ብቻ ሲልጥ ታስታውሻለሽ። ልጆች ሳላችሁ «ጋሼ፣ ቀኝ እጅህ የት ሄደ?» ስትሉት «ባቡር ወሰደው» ይላችሁ ነበር። እኔ የባቡር ሠራተኛ ስለነበርሁ ታሪኩ ለእናንተ ለማመን አይከብድም ነበር። ባቡር አልወሰደውም። እሱ የመብራት መስመር ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ ዝናብና ነፋስ መስመር በጥሶ ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ። እሱ ማብሪያ ማጥፊያውን ራሱ አጥፍቶ፣ መስመሩንም ፈትሾ ኤሌክትሪክ እንደሌለው ካረጋገጠ በኋላ ምሰሶው ላይ ወጣ። በዚያው ሰዓት ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ያለ ነጋዴ፣ የፍሪጅ ዕቃ እንዳይበላሽበት ጄኔሬተሩን አስነሣና በሁለቱም ጫፍ ስፒና ባለው ገመድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰካው፤ ዋናውን ማጥፊያ ግን አላጠፋም። የጄኔሬተሩ 220 ቮልት በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ወጥቶ ምሰሶው ላይ ያለውን ትራንስፎርመር በመውጫው በኩል ገባበት፤ ትራንስፎርመሩም መግቢያውን ከመውጫው ስለማይለይ በላይኛው መስመር ላይ 15,000 ቮልት አደረገው። ሞቷል ብሎ የፈተሸው መስመር እጁ ላይ ተነሣበት።

ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም። ሆስፒታል ድረስ እየተመላለሰ ምግብ ያመጣለት ነበር፤ የክርስትና አባቱም እስኪሞት ድረስ መንገድ ላይ ሲያገኘው በግራ እጁ ይጨብጠው ነበር። በእናንተ ፊት ባቡሩን የሚከስሰው የነጋዴው ልጆች ከእናንተ ጋር ትምህርት ቤት ስለሚውሉ ነው። አሁን ሁለቱም ስለሌሉ ነገርሁሽ። በጠረጴዛሽ ላይ የሠራሽው ነገር፣ መጠኑ አነሰ እንጂ፣ ያው ነው፦ የሞተ የሚመስልን ሽቦ ከኋላው መመገብ። ሁለት ትራንስፎርመር በአንድ ሐዲድ ላይ አታገናኚ።

ሌላም ጣጣ አለው። አንዱ መቆጣጠሪያ 10 ቮልት ላይ፣ ሌላው 16 ላይ ቢሆን ልዩነቱ በሁለቱ ጥቅሎች መካከል እየዞረ ባቡሩ ሳይንቀሳቀስ እንኳ ያግላቸዋል። የጀርመን ስፒና ደግሞ ገልብጠሽ ብትሰኪውም ይገባል፤ አንዱ በተገለበጠ ጊዜ ሁለቱ ተቃራኒ ሆነው ወደ 32 ቮልት የሚደርስ ግፊት እርስ በርሳቸው ይለቃሉ፤ ይህ ደግሞ ኮንታክት ከመሆን አይተናነስም። አንቺ ጉልበት የጨመርሽ መስሎሽ ነበር፤ የጨመርሽው ሙቀት ነው።

ባቡሩ የደከመው በጉልበት እጦት አይደለም። 30 ቮልት-አምፔር በ16 ቮልት ሲካፈል ወደ 1.9 አምፔር ይሆናል፤ አንድ እንዲህ ያለ ባቡር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አምፔር በታች ይበቃዋል። ጉልበቱ የሚጠፋው በመንገድ ላይ ነው፤ በዛገ የሐዲድ መጋጠሚያና በቀጭን ሽቦ። ወንድምሽ ሽቦው እንደ ስልክ ገመድ የቀጠነ ነው አለኝ። ስፋቱ 0.14 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ አምስት ሜትር ሄዶ አምስት ሜትር ቢመለስ፣ በአንድ አምፔር 1.25 ቮልት ያህል ይበላል። በ0.75 ሽቦ ብትቀይሪው ኪሳራው ወደ 0.23 ቮልት ይወርዳል። ስለዚህ ከአንዱ ትራንስፎርመር ወፍራም ሽቦ በጠረጴዛው ሥር አዙሪና በየሁለት ሜትሩ ገደማ ወደ ሐዲዱ አውጪ፤ ቀዩ ሽቦ ሁልጊዜ በሐዲዶቹ መካከል ወዳለው የነጥቦች መስመር፣ ቡናማው ሁልጊዜ ወደ ሁለቱ ሐዲዶች ይሂድ። አንዴ ቢቀያየሩ ኮንታክት ነው። መጋጠሚያዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ፤ በብረት ሱፍ ግን አይሆንም፤ ብናኙ በሞተሩ ማግኔት ተስቦ ውስጥ ይገባል።

የዚህ ባቡር አሠራር ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። በሐዲዶቹ መካከል የተሰለፉት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ኤሌክትሪኩን ያመጣሉ፤ ሁለቱ ሐዲዶች ይመልሱታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡርም እንዲሁ ነው፤ 25,000 ቮልቱን ከላይ ካለው ሽቦ ይቀበልና በሐዲዱ ይመልሳል። የዚያ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ መጫወቻው ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነውና ለ87 ብታካፍዪው 16.5 ይመጣል፤ የልጅሽ ሐዲድ ስፋት ያው ነው። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁበት፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው አሮጌው መስመር ግን ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ስለነበር በልጁ ሐዲድ ላይ አይሄድም፤ ለእሱ ዓይነቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌላ ሐዲድ ይሸጣል። አንቺን ይዤ እስከ ጅቡቲ ልወስድሽ ቃል ገብቼልሽ ነበር፤ «ትምህርት ሲዘጋ» እያልሁ ሳዘገይ ባቡሩ ቀድሞኝ ቆመ። ባሕሩን ሳታይ ነው ከቤት የወጣሽው። ልጁ በዚያች ጠረጴዛ ላይ ባቡር ስለሚነዳ ደስ ብሎኛልና አጥፉት አልልም።

ሁለተኛውን ትራንስፎርመር ለቤቶቹ መብራት ልጠቀምበት ካልሽ፣ ከሐዲዱ ጋር በምንም ሽቦ፣ በቡናማውም ቢሆን፣ አይገናኝ። አንዲት የቤት አምፖል 50 ሚሊአምፔር ያህል ትፈልጋለች፤ ዐሥር አምፖል በ16 ቮልት 8 ቮልት-አምፔር ነው፤ ከበቂ በላይ ነው። ባቡሩን ከሐዲድ ወደ ሐዲድ የሚያሻግሩት መለወጫዎች ግን ለቅጽበት ብቻ ተጭነው የሚለቀቁ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ ከቆየባቸው ጥቅላቸው ይቃጠላል። ሁለቱንም ስፒናዎች ማብሪያ ባለው አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክተሽ በአንድ ጣት አብሪያቸው፣ በአንድ ጣት አጥፊያቸው፤ ለየብቻ አይነቀሉ።

የእኔ ምርጫ ግን ሰማያዊዎቹን ጭራሽ አስቀምጠሽ አዲስ እንድትገዢ ነው። እነሱ የተሠሩት ለ220 ቮልት ነው፤ ዛሬ ግድግዳችሁ 230 ይሰጣል፤ ገመዳቸውም በዕድሜ ደርቋል። ካቻቢቴ ይዘሽ ልትከፍቻቸው እንዳታስቢ፤ ጠባይሽን አውቀዋለሁ። በአውሮፓ ሕግ የልጅ መጫወቻ ከ24 ቮልት በላይ እንዳይሠራበት የተደረገው ልጁ ሐዲዱን በባዶ እጁ ስለሚነካ ነው፤ አንቺ ግን 24ቱን ገልብጠሽ ከ300 በላይ የሚያደርግ መንገድ አበጅተሽለት ነበር። የሜርክሊን ፋብሪካ ያለበት ጎፒንገን ከእናንተ ሩቅ አይደለም፤ ከዕቃ መሸጫ ገብተሽ ለአሮጌው ባለሦስት ሐዲድ ባቡር የሚስማማ፣ በካሬ ውስጥ ካሬ ምልክት ያለው (ድርብ መከላከያ አለው ማለት ነው) ትራንስፎርመር ጠይቂ። ለሌሎቹ፣ በቀጥተኛ ከረንት 12 ቮልት ለሚሠሩት ባለሁለት ሐዲዶች የተሠራውን ቢሰጡሽ አትቀበዪ። ዋጋው ከከበደሽ ለወንድምሽ ንገሪው፤ እንዲያ ከሣቀ ይክፈል።

ልጁ በልደቱ ዕለት ይንዳ፤ አንቺ አጠገቡ ሁኚ። ከዚያ በፊት ግን አዲሱን ሽቦ ከጠረጴዛው ሥር፣ የትራንስፎርመሩን ጽሑፍ ከላይ፣ ስፒናውን ከጎን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ቴስተር ካለሽ፣ ፎቶውን አይቼ ከመለስሁልሽ በኋላ ሐዲዱን ስትለኪ ቁልፉ የተለዋዋጭ ከረንት ቮልት ላይ መሆኑን እዪ፤ ያነበብሽውንም ቁጥር ጻፊልኝ። እስክመልስልሽ ድረስ ግን ምንም እንዳትሰኪ። ሁለቱንም በአንድ ሐዲድ ላይ አታገናኚ።

አባትሽ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ