ጎማ አልታጠፍ ያለው አውሮፕላን ለምን ይዞራል?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ጸሐፊ፣ ከመንደርደሪያው እንደተነሣ የጎማ ብልሽት የገጠመው አውሮፕላን ሳያርፍ ለሰዓታት ሲዞር መቆየቱን አንስተው፣ አብራሪዎቹ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው መሆን አለበት ሲሉ ጽፈዋል። ከ20 ዓመት በላይ በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነኝና፣ ይህ አስተያየት መልስ ሳያገኝ እንዲያልፍ አልፈለግሁም። ዙሩ ራሱ ሥራ ነው፤ የሚያስወቅሰውም በዙሩ ጊዜ ሊሠራ የሚገባው ሳይሠራ ሲቀር ነው።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2005 ከካሊፎርኒያዋ በርባንክ ወደ ኒው ዮርክ 146 ሰዎችን ይዞ የተነሣውን የጄትብሉ አየር መንገድ ኤርባስ 320 አውሮፕላን እንውሰድ። አብራሪዎቹ ጎማውን ለማጠፍ ሲሞክሩ የፊተኛው እምቢ አለ። ምን እንደሆነ ከላይ ሆኖ ማየት ስለማይቻል፣ ካፒቴን ስኮት በርክ በሎንግ ቢች የመቆጣጠሪያ ማማ አጠገብ ዝቅ ብለው አለፉ፤ ከታች ያሉት ሰዎችም የፊተኛው ጎማ 90 ዲግሪ ዞሮ በጎን መቆሙን አይተው ነገሯቸው። አውሮፕላኑ ከተነሣ ጀምሮ በሎስ አንጀለስ እስኪያርፍ ድረስ በአየር ላይ የቆየው ለ3 ሰዓታት ያህል ነው።

ጸሐፊው «ለምን ቶሎ አላረፈም?» እንደሚሉ እገምታለሁ። ያ አውሮፕላን አህጉር ለማቋረጥ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ ነበር፤ ኤርባስ 320 ደግሞ ነዳጁን በአየር ላይ የሚደፋበት መሣሪያ ስለሌለው ያለው አማራጭ እየበረሩ ማቃጠል ብቻ ነው። ክብደቱ ሲቀንስ አውሮፕላኑ በዝግታ ፍጥነት ማረፍ ይችላል፣ ብልሹው ጎማ መሬት ሲነካ የሚያርፍበት ጫና ይቀልለታል፣ እሳት ቢነሣ እንኳ የሚቀጣጠለው ነዳጅ ያነሰ ይሆናል። በዚሁ ጊዜ አብራሪዎቹ መሬት ካሉት ባለሙያዎች ጋር በሬዲዮ ይመካከሩ ነበር፤ አስተናጋጆቹ ደግሞ አፍንጫው እንዳይከብድ መንገደኞችንና የእጅ ሻንጣዎችን ወደ ኋላ እያዛወሩ፣ በማረፊያው ቅጽበት እንዴት ጎንበስ ብለው እንደሚቀመጡ ያስተምሩ ነበር። ሎስ አንጀለስ የተመረጠውም ለረጅም መንደርደሪያውና ለእሳት አደጋ ዝግጅቱ ነው። (መንገደኞቹ ከፊታቸው ባለው ቴሌቪዥን የራሳቸውን አውሮፕላን በቀጥታ ሥርጭት ማየታቸው ግን ለጠላትም የሚመኙት አይደለም።)

ሲያርፉ ዋነኞቹ ጎማዎች ቀድመው መሬት ነኩ፤ ካፒቴኑ አፍንጫውን የቻሉትን ያህል ከፍ አድርገው ያዙት። የፊተኛው ጎማ ሲነካ ላስቲኩ ተበጣጠሰ፣ ብረቱ እሳት እየተፋ እየተሞረደ ሄደ፣ አውሮፕላኑም መንደርደሪያው ላይ ቆመ። ሰዉ በአደጋ ጊዜ መንሸራተቻ ሳይሆን በደረጃ ወረደ፤ የተጎዳ አንድም አልነበረም። ይህን «በተአምር ተረፉ» ብሎ መጻፍ የ3 ሰዓታትን ድካም ለሌላ መስጠት ነው።

ስለራሴም ልናገር። በወጣትነቴ በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ስሠራ፣ አውሮፕላን ሲጎተት ጎማው እንዳይታጠፍ የሚሰኩትን፣ ቀይ ጨርቅ የሚንጠለጠልባቸውን ፒኖች የመንቀል ኃላፊነት የእኔ ነበር። አንድ ሌሊት ሁለቱን ነቅዬ ሦስተኛውን ረሳሁት። አውሮፕላኑ ተነሣ፣ አንደኛው ጎማ አልታጠፍ አለ፣ አብራሪዎቹም ከአንድ ሰዓት በላይ ነዳጅ ሲያቃጥሉ ቆይተው ተመለሱ። ጎማው ያልታጠፈው በተረሳ ፒን ምክንያት እንደሆነ ለእነሱ ማን ይነግራቸዋል? ካፒቴኑ ከደረጃው ወርደው ፒኑን በእጃቸው ነቀሉት፤ ቀዩ ጨርቅ በነፋሱ ጫፉ ተተልትሏል። ሳይቆጡ «ይህ ያንተ ነው» ብለው ሰጡኝ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ሦስቱንም ፒኖች በእጄ ይዤ ለካፒቴኑ ሳላሳይ አውሮፕላን ለቅቄ አላውቅም።

ዙር ሁሉ ግን ያድናል አልልም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 1972 ከኒው ዮርክ 176 ሰዎችን ይዞ ማያሚ ሊያርፍ የተቃረበ የኢስተርን ኤርላይንስ ትራይስታር አውሮፕላን ጎማውን ሲያወርድ፣ የፊተኛው ጎማ መቆለፉን የሚያሳየው አረንጓዴ መብራት አልበራም። ጎማው ወርዶ ተቆልፎ ነበር፤ የተቃጠለው አምፖሉ ነው። አብራሪዎቹ ወደ 2,000 ጫማ ወጥተው አውቶፓይለት (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበርረውን መሣሪያ) አበሩና፣ ካፒቴኑና ረዳታቸው አልወጣ ካለው የአምፖል ማቀፊያ ጋር ትግል ገጠሙ፤ የበረራ መሐንዲሱም ጎማውን በዓይኑ ሊያይ ከወለሉ በታች ወዳለው ክፍል ወረደ። በዚህ መካከል ከፍታ የሚጠብቀው ሥርዓት ሳይታወቅ ተላቀቀና አውሮፕላኑ በዝግታ ይወርድ ጀመር። የከፍታ ማስጠንቀቂያው ደወል ተሰምቷል፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም። ሌሊቱ ጨለማ፣ ከሥር ያለው የኤቨርግሌድስ ረግረግ አንድ መብራት የሌለበት ነበር። ከ100 በላይ ሰዎች አለቁ። አምፖል እኔም ብዙ ጊዜ ለውጫለሁ፤ በጣት ጫፍ የምትያዝ ነገር ናት። በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ እሷን ሲያዩ መሪውን የሚያይ ጠፋ።

ከ6 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1978፣ ዩናይትድ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ዲሲ 8 አውሮፕላን በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ አጠገብ ጎማ ሲያወርድ ከባድ ድምፅ ተሰማና ካፒቴኑ ለአስጊው ማረፊያ እየተዘጋጁ ለአንድ ሰዓት ያህል ዞሩ። እሳቸው ዝግጅቱን ሲያጠናቅቁ ነዳጁ አለቀ፤ አውሮፕላኑ ከተማው ዳር ወደቀ፣ 10 ሰዎችም ሞቱ። የበረራ መሐንዲሱ ነዳጁ እያነሰ መሆኑን ተናግሮ ነበር፤ ነገር ግን ለአለቃ እንደሚነገረው አለዝቦ ተናገረና ካፒቴኑ ዘንድ ክብደት አላገኘም። ዛሬ አብራሪዎች የሚማሩት የቡድን ሥራ ሥልጠና፣ ማለትም የበታች ደፍሮ እንዲናገር፣ የበላይም እንዲሰማ የሚያስተምረው፣ ከዚህ አደጋ በኋላ ነው በዩናይትድ ተጀምሮ የተስፋፋው። ለታላቅ ድምፅን ዝቅ ማድረግ በእኛ ዘንድ ጨዋነት ስለሆነ፣ ይህ ትምህርት ለኛ ልጆች ይበልጥ ይከብዳቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ዘጋቢዎቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው፣ አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ዞረ ብለው ከመጠየቅ ይልቅ፣ ሲነሣ ምን ያህል ነዳጅ ይዞ ነበር፣ ሌሎቹ ብልሽቱን ሲመረምሩ መሪውን የያዘው ማን ነበር ብለው ቢጠይቁ ለአንባቢ ይጠቅማል። ጸሐፊውም ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ቀይ ጨርቁ እንዳለ ያስቀመጥኩትን ያንን ፒን ላሳያቸው ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሽያን
አዲስ አበባ