ከዕቅዱ በፊት የዱቤ ደብተሩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ። የዘገየሁት ወድጄ አይደለም። በበዓል ሰሞን ባለሱቅ ደብዳቤ የሚጽፍበት ፋታ የለውም፤ ሽንኩርት ሲመዝንና መልስ ሲቆጥር ነው የሚያመሸው።

በበዓሉ ዋዜማ ባወጣችሁት እትም መንገደኛ እያስቆማችሁ «በአዲሱ ዓመት ምን ለመለወጥ አስበዋል?» ብላችሁ ነበር። አነበብኩት። አንዱ ክብደት እቀንሳለሁ ይላል። አንዷ ማስተርስ ልትጀምር ነው። አንዱ ጫት አቆማለሁ አለ። አንዲት ልጅ ደግሞ ወደ እግዚአብሔር መቅረብ እፈልጋለሁ፣ ጸሎቴን አጠነክራለሁ ብላለች። ሁሉም ደስ ይላል። ጫት አቆማለሁ ያለውን ልጅ እግዚአብሔር ይርዳው፤ ይሄን ከልቤ ነው የምለው፣ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ገጹን አገላብጬ ሳየው አንድ ነገር አጣሁ። በመልሶቹ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ከእገሌ ጋር እታረቃለሁ፣ የእገሌን ገንዘብ እመልሳለሁ ያለ አንድም ሰው አላገኘሁም። ሁሉም የተዋዋለው ከራሱ ጋር ነው። ከራስ ጋር የተዋዋሉት ነገር ደግሞ እስከ መስቀል ከቆየ ጥሩ ነው፤ ማን ይጠይቃል?

እኔ ጉለሌ ውስጥ የሰፈር ሱቅ አለኝ። ከአባቴ የወረስኩት ነው። ከሱቁ ጋር የወረስኩት ሌላ ነገር የዱቤ ደብተር አያያዝ ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ልጆች ለትምህርት ቤት የሚገዙት ዓይነት። ከሚዛኑ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በስም የተጻፈ ሰው ጥቂት ነው። «የመንታዎቹ እናት»፣ «ሰማያዊ በር»፣ «መካኒኩ»፣ «ሃጂ»፣ «ከላይ ግቢ ያለችው ተማሪ» ነው የሚለው። ከሥሩ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ 1 ሊትር ዘይት፣ 2 ሳሙና፣ የ25 ብር ካርድ። የሰፈሩን ኑሮ ማወቅ የፈለገ ሰው እሱን ደብተር ቢያነብ ይበቃዋል። ማን ሥራ እንደፈታ፣ ማን ቤት እንግዳ እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደታመመ ሁሉ ያስታውቃል።

አባቴ ጳጉሜን ሲገባ ደብተሩን ያወርደዋል። «ዮሐንስን በአሮጌ ደብተር አልቀበልም» ይል ነበር። ማታ ሱቁን ዘግቶ በኩራዝ፣ በኋላም በአምፖል፣ ገጽ በገጽ ያያል። መክፈል ለሚችለው መልእክት ይልካል። መክፈል እንደማይችል የሚያውቀውን በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዘዋል። ለማን እንደሰረዘ ለእናቴም አይነግራትም። ከዚያ እሱ ራሱ ያለበትን ይዞ መርካቶ ይወርዳል፤ ጅምላ የሚያከፋፍሉት ሰውዬ ጋ ሄዶ ይዘጋል። ወደ ንስሐ አባቱ የሚሄደው ይሄን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው። አንዴ ልጅነት ይዞኝ ለምን ቀድመህ ካህኑ ጋ አትሄድም አልኩት። «አባ ጋ የሰው ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ይዤ ብሄድ፣ ‹መጀመሪያ መልስ› ብለው ነው የሚመልሱኝ፤ መንገዱን ላሳጥር ብዬ ነው» አለኝ።

ነጋዴ የሆነ አንባቢ እዚህ ጋ ይስቅብኛል። ጳጉሜን ደሞዝ የላትም። ደሞዝተኛው የነሐሴን ተቀብሎ አምስቱን ቀን በባዶ ነው የሚሻገራት፤ በዘመነ ሉቃስ ሲሆንማ ስድስት ነች። የልጆች መመዝገቢያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ዶሮና ቅቤ ሁሉም ተደርቦ የሚመጣው ያኔ ነው። ዱቤ የሚያብጠውም ያኔ ነው። እውነት ነው። ስለዚህ በጳጉሜን ደብተር መክፈት ገንዘብ ለመሰብሰብ ቢሆን የሞኝ ሥራ ነበር። አባቴ ደግሞ ሞኝ አልነበረም።

ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው። በኛ ሰፈር ትልቅ በዓል ነው፣ ታቦቱ እዚሁ ጉለሌ ነውና። የዚያን ቀን ዝናብ ከጣለ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይሮጡበታል፤ እናቶች በባልዲ የያዙትን ውሃ ሊጥ ላይ ጠብ ያደርጉበታል። ሩፋኤልን ሁላችንም የምናውቀው በፈዋሽነቱ ነው። የጦቢትን ዓይን ያበራ መልአክ ነው። ግን መጽሐፈ ጦቢትን ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ላነበበ ሰው ሌላም ነገር አለው። ጦቢት ልጁን ጦብያን ያን ሩቅ መንገድ የላከው ለመድኃኒት አልነበረም። ገባኤል የሚባል ሰው ዘንድ በአደራ ያስቀመጠውን ዐሥር መክሊት ብር እንዲያመጣለት ነው። ሩፋኤል የመንገድ ጓደኛ ሆኖ አብሮት ወጣ። ጦብያ መንገድ ላይ አግብቶ ሠርጉ ሲይዘው፣ መልአኩ ራሱ ሰነዱን ይዞ ወደ ራጌስ ሄደና ገንዘቡን ተቀብሎ መጣ። ገባኤልም ከረጢቶቹን ማኅተማቸው ሳይነካ ነው ያስረከበው። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የጳጉሜኑ መልአክ የሰው ገንዘብ ለባለቤቱ ያስመለሰ መልአክ ነው። ፈውሱም የመጣው በዚያው ጉዞ ላይ ነው። ስብከት ላይ ይሄኛው ክፍል ለምን ቶሎ እንደሚታለፍ ሁሌ ይገርመኛል።

ባለፈው ጳጉሜን የሆነውን ልንገራችሁ። ደብተሬ ላይ «ግንበኛው» የሚል ገጽ አለ። 1,860 ብር። የሁለት ልጆች አባት ነው። ክረምት ሲገባ የግንባታ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ዱቤው ግን አይቀዘቅዝም። ሰኔ ላይ መምጣቱን አቆመ። ሐምሌና ነሐሴን እቤቱ የሚገባው በታችኛው መንገድ ነበር። የኛ መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ የታችኛው ጭቃ ነው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ። ልጁ ከሌላ ሱቅ ዳቦ ገዝታ ስታልፍ እንኳ አንገቷን ደፍታ ነው። ያሳዘነኝ ብሩ አይደለም ብል ትንሽ እዋሻለሁ፤ 1,860 ብር ለኔም ገንዘብ ነው። ግን ሰው በዕዳ ምክንያት ዝናብ እየወረደ ጭቃ ሲመርጥ ማየት ደስ አይልም።

ልጅቷን ጠራኋትና «አባትሽን ሰላም ብላሃለች በይው። ለብሩ አይደለም፣ ለሰላምታ ነው በይው» አልኳት።

ጳጉሜን 4 መጣ። የሕዳሴው ግድብ የተመረቀ ዕለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ቴሌቪዥን ያያል፤ ግማሹ ያጨበጭባል፣ ግማሹ ለስላሳ ያዝዛል። እሱ ከሰዉ ኋላ ቆሞ አየሁት። ሰዉ እስኪበተን ጠበቀ። ከዚያ በፌስታል የተጠቀለለ 500 ብር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ቀና ብሎም አላየኝም።

ብሩን ተቀበልኩት። ከቀረው 1,360 ግማሹን ፊቱ ሰረዝኩና 680ውን «ጥቅምት» ብዬ ጻፍኩ፤ ጥቅምት ላይ ሥራ ይመለሳል። ልጄ ማታ ላይ «እማዬ፣ ለበዓሉ ሁሉንም ብትተይለትስ?» አለችኝ። አልኳት፦ ሠራተኛ ሰው ነው፣ ለማኝ አይደለም። 500 ብሩን ባልቀበለው ኖሮ በታችኛው መንገድ መሄዱን አይተውም ነበር። አሁን በኛ በኩል ነው የሚያልፈው። «እትዬ፣ እንደምን አደርሽ» ይለኛል፤ አንዳንዴ ቆም ብሎም ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ያወራኛል።

ሃጂ ደግሞ አሉ። የሳቸው ዓመት የሚገባው በሙሐረም ነው፤ ቢሆንም ከአባቴ ዘመን ጀምሮ በጳጉሜን መጥተው ሒሳባቸውን ያዘጋሉ። «በኛም የሞተ ሰው ዕዳው ሳይከፈል ውርስ አይከፋፈልም፤ እኔ በሕይወት እያለሁ ልጨርሰው ብዬ ነው» ይላሉ እየሳቁ። ቴሌብር አይወዱም። ጥሬ ብር ቆጥረው ነው የሚሰጡኝ፣ ያውም ሁለቴ ቆጥረው።

ደብተር ላይ የማይጻፍ ዕዳም አለ። እኛ ግቢ ሁለት ሴቶች በውሃ ወረፋ ተጣልተው ከፋሲካ ወዲህ ቡና አልተጠራሩም። በዋዜማው የግቢው እናቶች አንድ ረከቦት ዙሪያ ሁለቱንም አስቀመጥናቸው። ታረቁ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አንዷ አቦሉን ጠጥታ ወጣች፤ ቶናውን አልጠበቀችም። ቢሆንም አቦሉን ጠጥታለች፤ በረካው ለመስቀል ይድረስ።

መስከረም 1 ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ካህኑ እንደ ልማዱ ዓመቱን አወጁ፦ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ፣ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ቀጥሎ ስለ መጥምቁ ዮሐንስ ተሰበከ፤ ዕለቱ የሱ ነው። እኔ ግን ሐሳቤ ሄዶ የነበረው እናንተ ጥያቄ ላይ ነው። ምክንያቱም ሕዝቡ ዮሐንስን የጠየቀው ያንኑ ነው። «እንግዲህ ምን እናድርግ?» አሉት። ሉቃስ ምዕራፍ 3 ላይ አለ። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል አላቸው። ቀራጮች መጥተው ሲጠይቁት ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አለ። ወታደሮቹን ማንንም በግፍ አትቀሙ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ልብ በሉ፤ ይሄ ሰውዬ ራሱ በረሃ ውስጥ የሚኖር፣ አንበጣና የበረሃ ማር የሚበላ ባሕታዊ ነው። ግን አንዱንም በረሃ ና አላለውም። ቀራጩን እዚያው ሚዛኑ ላይ፣ ወታደሩን እዚያው ዘቡ ላይ ነው ያገኘው። መልሱ ሁሉ የሰው ገንዘብና የሰው እጅ ያለበት ነው።

ለኛ ለባለሱቆች ምን ይለን እንደነበር አላጣሁትም። ለዋዜማ ብላችሁ ዘይት አትደብቁ፣ በርበሬው ላይ ባዕድ ነገር አትቀላቅሉ፣ ሚዛኑን በጣታችሁ አትደግፉ ይለናል። ቴሌብሩ ላይ ብር እያለው «ኔትወርክ የለም እኮ» ለሚለኝ ደንበኛስ? ለሱም የሚለው አያጣም።

በየአዳራሹ በር ላይ «የከፍታ ዓመት»፣ «የእጥፍ በረከት ዓመት» የሚል ባነር ይሰቀላል። አልቀየምም፤ ሰው በጎ ነገር ይመኝ። እኛ ኦርቶዶክሶቹም ብንሆን ከጠበል ስንመለስ ታክሲ ውስጥ በአምስት ብር መልስ ተሰዳድበን ነው የምንወርደው። እንጦጦ ላይ የፈሰሰው ውሃ ገና ፀጉራችን ላይ ሳይደርቅ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የከርሞውን ጥያቄ ከዋዜማው አንሡና ጳጉሜን 1 ላይ አድርጉት። «ምን ለመለወጥ አስበዋል?» ከማለት «የማን ገንዘብ አለብዎት? ከማንስ ተኳርፈዋል?» በሉ። ብዙ ሰው ሮጦ ያመልጣችኋል፤ ግን ከመቶ ሦስቱ እውነቱን ቢመልስላችሁ የዚያ ቀን ጋዜጣ ይነበባል። ስም አትጻፉ፣ ፎቶም ይቅር። «መካኒኩ»፣ «ሰማያዊ በር» በሚለው ዓይነት ይበቃል። ከዚያ ኅዳር ወር ገደማ ተመልሳችሁ ጠይቋቸው፤ ጋዜጣ ሁሌ ዕቅዱን ይጠይቅና ፍጻሜውን ይረሳል።

ጋዜጠኛ ወደኛ ሰፈር ከላካችሁ በሩፋኤል ዕለት አይምጣ፣ አያገኘኝም። በሌላው ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነኝ። ደብተሩንም ስሙን በእጄ ሸፍኜ አሳየዋለሁ። ዱቤ ግን ለጋዜጠኛ አልሰጥም፤ ከአባቴ የወረስኩት አንዱ ሕግ እሱ ነው።

አንዲት ባለሱቅ
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ