ጋቢሽ እኔ ጋ ነው

የ14 ወር ልጄ ድኖ ቤቱ ገብቷል። እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ሶፋ ላይ ቆሞ ሪሞት እየወረወረ ነው። ስትደውሉ ስልክ ያላነሳሁባችሁ ይቅርታ፤ ሆስፒታል ነበርን።

ለገና ከአዲስ አበባ እናቴ ቤት ሄደን ነበር፤ ከደብረ ብርሃን ወጣ ያለች ቀበሌ። ልጁ ከመሄዳችን በፊትም ያስለው ነበር። ጥፋቴን ልናገር፦ ፍሪጅ ውስጥ ከታላቁ የተረፈ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ነበር። ሁለት ቀን ሰጠሁት፤ ትኩሳቱ በረድ ሲልለት ተውኩት። ለራሴ «ጉንፋን ነው» እያልኩ! ጉንፋን ከሆነ አንቲባዮቲክ ምን ሊሠራለት?

በበዓሉ ማግስት ሰውነቱ እንደ እሳት ነደደ። ጡት አንዴ ስቦ ይተዋል። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ልትጨምቅ ተነሳች። «መጀመሪያ ጤና ኬላ!» ብለሽ የጮህሽው ጎረቤታችን፣ እግዜር ይስጥሽ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ እህቴ፣ በበዓል ከቤትሽ ተጠርተሽ መጣሽ። የልጁን ደረት ገለጥሽና ሁላችንንም ዝም አሰኘሽ። ስልክሽ ላይ ሰዓት ከፍተሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቆጠርሽ። እናቴ ጸሎቷን ስትጀምር እሷንም በእጅሽ ዝም አልሻት። 58። «በሱ ዕድሜ 40 ከደረሰ ፈጣን ነው» አልሽኝ። ቀጥለሽ ከጎድኑ በታች አሳየሽኝ፤ አየር በሳበ ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። ሌሊቱን ሙሉ አቅፌው ሳድር አላየሁትም። «የሳንባ ምች ነው፤ በደንብ ካልጠባ እዚህ አናቆየውም» ብለሽ የመጀመሪያዋን የአሞክሲሲሊን ፍሬ በውሃ አሟምተሽ ትንሽ በትንሽ አስዋጥሽው። ሪፈር ጻፍሽልን። ውጭው ውርጭ ነበርና ጋቢሽን አውልቀሽ ጠቀለልሽው።

ሒሳብ አልቀበልም ያልከው የባጃጅ ሹፌር፣ ስልክህን እንኳ አልያዝኩም።

ሆስፒታል ስንደርስ ጣቱ ላይ ያደረጉለት የደም ኦክስጅን መለኪያ 83 በመቶ አለ፤ ዝቅ ብሎ ነበር። ወዲያው በአፍንጫው ኦክስጅን ገባለት። ሁለት አንቲባዮቲክ በመርፌ ተጀመረለት፦ አምፒሲሊን በየ6 ሰዓቱ፣ ጄንታማይሲን በቀን አንዴ። የሌሊት 6 ሰዓቱን መድኃኒት አንድም ቀን ያላሳለፍሽው ሲስተር፣ መድኃኒት የሚገባበት የደም ሥር ቱቦው (ካኑላው) ሲነቀል በስልክ መብራት ደም ሥር ፈልገሽ ያገኘሽው፣ እጅሽ ይባረክ። አጠገባችን የተኛው ልጅ እናት ደግሞ ብርድ ልብሷን አካፈለችኝ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ብርድ ልብስ ሳልይዝ ገባሁ፣ ይታያችሁ!

ዶክተር፣ ስለ ሽሮፑ ስነግርዎት አልተቆጡኝም። ቁጭ ብለው አስረዱኝ። በውሃ የተበጠበጠ ሽሮፕ ቀኑ አጭር ነው፣ ለሌላ ልጅ የታዘዘ መጠን ለዚህኛው አይሆንም፣ ጀምሮ ማቋረጥ ደግሞ በሽታው እንዲያገረሽ ሊያደርግ ይችላል። «የሳንባ ምች ክትባቱን እኮ ሦስቴም ወስዷል» ስልዎት፣ ክትባቱ ዋና ዋናዎቹን እንጂ የሳንባ ምች የሚያመጣውን ተህዋስ ሁሉ እንደማይከላከል ነገሩኝ። ባይከተብ ይብስ እንደነበር እኔም ገባኝ።

በሦስተኛው ቀን ኦክስጅኑ ተነሳለት። ያን ቀን ማታ ጡቴን ነከሰኝ። ተነክሼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስንወጣ የታዘዘለትን መድኃኒት እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ጨርሷል። ፍሪጄም ባዶ ነው።

የጤና ኬላዋ እህቴ፣ ጋቢሽ ታጥቦ ታጥፎ ተቀምጧል። ለፋሲካ ስመጣ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ የልጁንም ትንፋሽ ትቆጥሪለታለሽ።