ድምፅ አልባ ኮሜዲ ለልጆች ሲታይ ፍጥነቱ ይስተካከል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደሴ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በወልድያ ለልጆች ድምፅ አልባ ኮሜዲ ማሳየት ለሚፈልጉ መምህራንና የአዳራሽ ባለሙያዎች ይህች ደብዳቤ ትድረስልን። ሰው ሁሉ እየተጣደፈ፣ እጁን እያወራጨ ሲታይ «የድሮ ፊልም እንዲህ ነው» ይባላል። አይደለም። ጥፋቱ የማሳያው ፍጥነት ከቀረጻው ፍጥነት መብለጡ ነው።

አሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ሃል ሮች በ1922 እ.ኤ.አ. የጀመረውን «አወር ጋንግ» የተባለውን የልጆች ኮሜዲ እንውሰድ። አንዱ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥቅል ነው። ጥቅሉ እስከ 1000 ጫማ ይረዝማል፤ በእያንዳንዱ ጫማ 16 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ አለ። ሁለቱ ጥቅል በሰከንድ 24 ፍሬም ከሄዱ በ22 ደቂቃ ያልቃሉ፤ በ18 ከሄዱ ወደ 30 ደቂቃ ይጠጋሉ። በዚህ ልዩነት የሚጎዳው የልጆቹ ፊት ነው። ዳይሬክተሩ ሮበርት ማክጎዋን ትዕይንቱን ከቀረጻው በፊት ለልጆቹ በቃል ይነግራቸው ነበር፤ ድምፅ ስለማይቀዳም እየተቀረጹ ያናግራቸዋል። የሳሚ ሞሪሰን ወይም «ፋሪና» የተባለው የትንሹ አለን ሆስኪንስ ቀልድ ዓይኑ ላይ ነው። ያቺ አፍታ ከተጣደፈች ቀልዱም አብሮ ይጠፋል።

መጀመሪያ ግን የኮፒው ፍጥነት የተስተካከለ እንደሆነ ይታይ፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ኮፒዎች ተስተካክለዋል። ፍጥነቱ በሩጫ ትዕይንት አይለካም፤ የማባረር ትዕይንትን ካሜራውን ዘገም አድርገው በማዞር ሆን ብለው ያፈጥኑት ነበርና። ሰው ዝም ብሎ ሲራመድ፣ ውሃ ሲቀዳ ይታይ። እርምጃው ከተጣደፈ ማጫወቻውን ወደ 0.75 ማውረድ ነው፤ 24ቱ 18 ይሆናል። ኮፒው ላይ ያለው ሙዚቃ ይጎተታልና ድምፁ ይዘጋ። ምስሉ 4 በ3 ነው። ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ከተለጠጠ የልጆቹ ጉንጭ ያብጣል፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ቢቀር ይሻላል።

በመሃል የሚመጣውን ጽሑፍ አንድ ሰው ጮክ ብሎ በአማርኛ ያንብበው፤ ፊደል ያልቆጠሩ ልጆች አሉና። አንባቢው ፊልሙን አስቀድሞ ይየው። አንዳንዱ ጽሑፍ ጥቁር ልጆችን የሚያዋርድ ቀልድ አለበት፤ እንደ ዘበት መነበብ የለበትም።

ሙዚቃውንስ ወሎ ከማን ይበደራል? ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ አገር ነው። አንድ ማሲንቆ ይበቃል። ያለማቋረጥ ከተመታ ግን ቀልዱን ይሸፍነዋል። ልጁ ሊወድቅ ሲል ባለማሲንቆው ቀጥ ይበል፤ አዳራሹ ስቆ ሳይጨርስም እንደገና አይጀምር።

ፊልም አሳዮች፣ ከደሴ