ካሴቱን ስታዳምጪ

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ታሚመንት ቤተ መጻሕፍት የሚገኘውን የአሜሪካ ግራ ክንፍ ታጋዮች የቃል ታሪክ ልታዳምጪ መሆኑን ስትነግሪኝ እጅግ ደስ አለኝ። በስልክ ያልጨረስኩትን ሐሳብ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ፤ ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ይህ ክምችት በ1976 መሰብሰብ ሲጀምር ብዙዎቹ ተናጋሪዎች ሸምግለው ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ የአሜሪካ ኮሚኒስት ፓርቲ አባልነት ከሥራ የሚያስባርር፣ መሪዎቹንም ወኅኒ የሚያስወርድ ስለነበር፣ መጽሐፉንና ደብዳቤውን ያቃጠለ፣ የቀበረ፣ ለገዛ ልጁም ሳይነግር የኖረ ጥቂት አይደለም። በ1949 በኒው ዮርክ ፎሊ አደባባይ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባሉት 11 የፓርቲው መሪዎች እንኳ የተከሰሱት በኃይል የፈጸሙት ድርጊት ኖሮ ሳይሆን፣ መንግሥትን በኃይል መገልበጥን ለማስተማርና ለመስበክ አሲረዋል ተብለው ነው። ሰዎቹ የራሳቸውን ወረቀት ሲያጠፉ ይከታተላቸው የነበረው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ ቢ አይ) መዝገብ ተረፈ፤ እሱ ደግሞ አንድ ሰው በየትኛው ምሽት የማን ቤት እንደገባ ቢነግርሽም ምን አስቦ እንደገባ አይነግርሽም።

ከሁሉ አስቀድመሽ የሆዜያ ሃድሰንን ታሪክ እንድታነቢ እለምንሻለሁ። የታሪክ ምሁሯ ኔል ፔይንተር ከአፉ ተቀብላ በ1979 አሳትማዋለች። ሃድሰን በ1898 በጆርጂያ ገጠር ተወልዶ በበርሚንግሃም፣ አላባማ፣ በብረት ማቅለጫ ፋብሪካ የሠራ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1931 በስኮትስቦሮው ክስ ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች በሐሰት ተወንጅለው ስምንቱ ሞት ሲፈረድባቸው፣ ከፓርቲው ጋር የተያያዘ ድርጅት ጠበቃ አቁሞ ሲሟገትላቸው አየና በዚያው ዓመት አባል ሆነ። ማንበብ እምብዛም አይችልም ነበር፤ በ1934 ፓርቲው ኒው ዮርክ ወዳለው ማሠልጠኛው ሲልከው ጎልማሳ ሆኖ ፊደል ቆጠረ። በኋላ የብረት ሠራተኞች ማኅበር ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር ሆነ፣ ጥቁሮች ለምርጫ እንዲመዘገቡ ቀሰቀሰ፤ በ1947 ግን ኮሚኒስት ነህ ተብሎ ከማኅበሩም ከሥራውም ተባረረ። እንዲህ ያለውን ሰው የሞስኮ መሣሪያ ነበር ብሎ ማለፍ ግፍ ይመስለኛል።

ስለምናከብራቸው ብለን ግን ከባዱን ጥያቄ አንተውላቸውም። ስታሊን በ1939 ከሂትለር ጋር ሲዋዋል ፓርቲያቸው ብዙም ሳይቆይ ፀረ ሂትለር አቋሙን ገልብጧል፤ በ1956 የሶቪየት መሪው ክሩሽቼቭ የሟቹን የስታሊንን ወንጀል ሲያጋልጥም ብዙዎች ልባቸው ተሰብሮ ወጥተዋል። እዚህ ላይ ሲደርሱ፣ «አናውቅም ነበር» የሚለውን ሰው «ማወቅ አልፈለግንም» ከሚለው ለይተሽ ስሚው። ከጠያቂዎቹም በ1960ዎቹ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ያለፉ፣ በሽማግሌዎቹ ውስጥ አባቶቻቸውን የሚፈልጉ ወጣቶች ስለነበሩ፣ ጠያቂው የት ላይ እንደራራ መዝግቢ።

እኛን በቀጥታ የሚነካን የጥቁር አሜሪካዊው ኮሚኒስት የኦሊቨር ሎው ታሪክ ነው። ነሐሴ 31 ቀን 1935፣ ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ የቺካጎ ከተማ የተቃውሞ ሰልፉን ከልክሎ ነበር። ተናጋሪዎቹ ጣሪያ ላይ ወጡ፤ ሎው መናገር ሲጀምር ፖሊስ ያዘው፣ ወዲያው ሌላው ከሌላ ጣሪያ ቀጠለ፣ እሱም ሲያዝ ሌላው። ለኢትዮጵያ መዝመት ያልሆነላቸው አንዳንድ ጥቁር አሜሪካውያን በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ከፍራንኮ ጎን የተሰለፈውን የሙሶሊኒን ጦር እዚያው ሊገጥሙት ሄዱ። ሎው በዚያ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበትን የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ጦር፣ የሊንከን ሻለቃን፣ አዝዞ በሐምሌ 1937 ማድሪድ አቅራቢያ ብሩኔቴ ላይ ወደቀ። ከዘማቾቹ አንዱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሎውን የገደሉት የራሱ ወታደሮች ናቸው ብሎ ተናገረ፤ በጦርነቱ የነበሩ ጓዶቹ በጠላት ጥይት መውደቁን መስክረዋል፤ ተናጋሪው ግን ቀደም ሲል ቆስሎ ስለነበር በዕለቱ በቦታው አልነበረም። እኔ የምስክሮቹን ቃል አምናለሁ። አንቺም በማስታወሻሽ ላይ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ለብቻ፣ ከሰው የሰማውን ለብቻ ጻፊ፤ የተቀዳበትንም ዓመት አትርሺ፤ አርባ ዓመት ቆይቶ የሚነገር ነገር በመካከሉ የተፈጠረውን ጠብና ዕርቅ ሁሉ ይዞ ይመጣልና።

ሳላሪያ ኪ የተባለችው የሃርለም ሆስፒታል ነርስም ወደ ስፔን ከመዝመቷ በፊት ከባልደረቦቿ ጋር ለኢትዮጵያ መስክ ሆስፒታል ገንዘብ ሰብስባለች። በ1935 በሃርለም ወይም በቺካጎ ለኢትዮጵያ የቆመ ሰው በካሴቶቹ ውስጥ ካገኘሽ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከፈቀደ ቅጂውን፣ ካልፈቀደ ቃሉን በእጅሽ ገልብጠሽ ላኪልኝ።

አባትሽ